አንድ ምሽት ለመጫወት አምስት መቶ ኪሎ ሜትር

አምስት ሰዎች ናቸው እንበል። አንዱ ክራር ይደረድራል፤ ሁለተኛው ማሲንቆ ይመታል፤ ሦስተኛው ዋሽንት ይነፋል፤ አራተኛው ከበሮ ይዟል፤ አምስተኛዋ ድምፀ መልካም ወጣት ናት። በአርባ ምንጭ ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ለበዓሉ ቀን ስለ ጠራቸው ከአዲስ አበባ ይነሣሉ። እንደ መንገዱ ምርጫ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን ጉዞ በሆሳዕና ወይም በሻሸመኔ በኩል አድርገው፥ ወላይታ ሶዶን አልፈው፥ የአባያን ሐይቅ በስተግራቸው እያዩ ከከተማዪቱ ይገባሉ። በማግሥቱ አርባ ደቂቃ ያህል ይጫወታሉ፤ ይጨበጨብላቸዋል፤ ምሳ ይበላሉ፤ በሦስተኛው ቀን ይመለሳሉ። የመሳፈሪያና የአልጋ ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ ለእያንዳንዳቸው የሚተርፈው ገንዘብ ለልጅ አንድ ጫማ የማይገዛ ከሆነ፥ የዚህ ቡድን ዕድሜ ስንት ዓመት ይሆናል?

ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለሙዚቀኞቹ ብቻ አዝነን አይደለም። የጥሪውን ደብዳቤ የሚጽፉት፥ አዳራሹን የሚያሰናዱት፥ የክፍያውን ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚያንቀሳቅሱት በየባህል ጽሕፈት ቤቱ ያሉ ወጣት ሠራተኞችና በየዩኒቨርሲቲው ያሉ የተማሪ ማኅበራት ስለ ሆኑ፥ ነገሩ በቀጥታ እነርሱን ይመለከታል።

የቀድሞው አዝማሪ ለአንድ ቤት ብሎ አገር አያቋርጥም ነበር። ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ለሠርግ የሄደ እንደ ሆነ፥ እዚያው ዳስ ውስጥ የክርስትና ጥሪ ይቀበላል፤ ከክርስትናው ወደ ጠጅ ቤት፥ ከጠጅ ቤቱም ወደ ገበያ ይሻገራል። ማሲንቆ ቀላል ነው፤ ኤሌክትሪክም አይጠይቅም። ኋላ ግን ሙዚቀኛው የቴያትር ቤትና የሆቴል ደመወዝተኛ ሲሆን፥ መሣሪያውም የባለቤቱ እንጂ የእርሱ ስላልሆነ፥ ሥራ ፈልጎ የመዞሩን ብልኀት እየረሳው መጣ። የዋልያስ ባንድ ከሚታወስባቸው ነገሮች አንዱ በራሱ መሣሪያ መጫወቱ ነው፤ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የሆቴሉ ዕቃ ጥገኛ አልነበረም።

ሆኖም መሣሪያ መያዝ ብቻውን መንገድ አይከፍትም። ይኸው የዋልያስ ባንድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ወደ አሜሪካ በተሻገረ ጊዜ፥ ለመስማት የመጣው በብዛት በስደት የሚኖረው የገዛ ወገኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ከቡድኑ አባላት ከፊሎቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከፊሎቹ በዚያው ቀሩ፤ ከቀሩትም አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድቷል። ዝናው በአገሩ የተመሰከረለት ቡድን እንኳ በማያውቀው አገር በሩን የሚያንኳኳለት ሰው ሲያንስ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ ይታያል።

በሌላ በኩል በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመውና በተስፋዬ ለማ መሪነት የታወቀው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ሲዞር፥ በዚያ ዘመን ስመ ጥር በነበረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርቧል። ክራሩና ማሲንቆው ያው የእኛው ክራርና ማሲንቆ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቻርልስ ሳተን የተባለ፥ በሰላም ጓድ መጥቶ እዚህ ማሲንቆ የተማረ አሜሪካዊ ከቡድኑ ጋር መኖሩ ነው ብንል አንሳሳትም። የአስተናጋጁን አገር በር የሚያውቅ አንድ ሰው ነበራቸው ማለት ነው።

ወደ አርባ ምንጭ እንመለስና፥ እንዲህ ያለው ሰው በዚያ ከተማ ማን ነው? ተማሪው ነው፤ ወጣቱ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረ ሲሆን፥ ዛሬ ከዋናው ግቢ ሌላ ኩልፎ፥ ጫሞ፥ አባያና ነጭ ሳር የተባሉ ግቢዎች አሉት። በአንዱ ግቢ የተጫወተ ቡድን በማግሥቱ በሌላው ቢጫወት አድማጩ ሌላ ነው። ከተማዪቱም ራሷ ሁለት ናት፤ ሲቀላ ከታች የንግዱ ሰፈር፥ ሴቻ ከላይ የመሥሪያ ቤቶቹ ሰፈር። በሲቀላ ሆቴል ለራት የሚቀመጠው ሰው በሴቻ አዳራሽ የተደረገውን በዓል አላየም። ሐይቆቹንና ነጭ ሳር ፓርክን ሊያይ የመጣው እንግዳም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዞ ለማየት አይሄድም፤ ምሽቱን የሚያሳልፍበትን ነገር የሚሻ ሰው ነው።

ሒሳቡንም እንመልከት። አምስት ሰዎች ሦስት ሌሊት ሲያድሩ 15 የአልጋ ሒሳብ ነው። ይህም ወጪ ከመሳፈሪያው ጋር በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ወድቋል። ሁለተኛው ጨዋታ የሚጠይቀው የባጃጅ ሒሳብ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ዋጋ ከፊተኛው እጅግ ቢያንስም ለሙዚቀኛው ትርፉ የሚገኘው ከዚሁ ነው፤ ሆቴሉም በአቅሙ ሊከፍለው ይችላል። ጥሪውን የሚጽፍ ወጣት ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት ለሁለት ሆቴሎችና ለአንድ ግቢ ስልክ ቢደውል፥ ሥራው ግማሽ ቀን አይወስድበትም። በመንገድ ላይ ያሉት ሆሳዕናና ሶዶም የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ስለ ሆኑ፥ በመሄጃው ወይም በመመለሻው አንድ ምሽት ማቆም ይቻላል።

ከከተማው ወጥቶ ወደ ጋሞ ደጋ መውጣት ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አርባ ምንጭ ሳትቈረቈር የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ የነበረችው ጨንቻ ከአርባ ምንጭ ወደ 37 ኪሎ ሜትር ብትርቅም አየሯ የሌላ አገር ነው። በቆላው ሙቀት ተወጥሮ የዋለ የከበሮ ቆዳ በጨንቻ ጉም ረግቦ ድምፁ ይሞታል፤ የማሲንቆውም ቆዳ እንዲሁ። ከጨዋታው በፊት እሳት ዳር የሚቀመጡበት አንድ ሰዓት ያስፈልጋል። ይህን ያላወቀ አዘጋጅ ሙዚቀኞቹን ከመኪና አውርዶ በቀጥታ ወደ መድረክ ይነዳቸዋል።

ከአየሩም የሚበልጥ ነገር አለ። ዶርዜዎች ብዙ ድምፅ በየፈርጁ ተከፋፍሎ በአንድነት የሚፈስበት ዜማ ባለቤቶች ናቸው፤ የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሳይቀሩ በሸክላ ቀርፀውታል። ለእነዚህ ሰዎች ዘፈን ይዞ መውጣት ለሸማኔ ጋቢ ይዞ እንደ መሄድ ነው። ይልቁንም በመስቀል ሰሞን፥ ከሽሮ ሜዳ ሸማኔው ሁሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ሲመለስ፥ ገንዘብም ሰውም በደጋው ይገኛልና እንግዳ ቡድን መውጣቱ ያዋጣል፤ ነገር ግን በበዓሉ ሰው መካከል ለብቻው መድረክ ተክሎ ሳይሆን፥ አገሬው ሲዘፍን አዳምጦ፥ በተራው ተጫውቶ፥ ድርሻውንም ከአካባቢው ዘፋኞች ጋር ተካፍሎ መሆን አለበት። የአገሬው ዘፋኝ በነፃ ሲዘፍን ከአዲስ አበባ የመጣው ብቻ የሚከፈለው ከሆነ፥ በሚቀጥለው ዓመት ማንም በደስታ አይቀበለውም፤ ባይቀበለውም እውነት አለው።

የቀን መቍጠሪያውንም ማየት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የዘፈን ቤቱ ጭር ይላል፤ የኦርቶዶክሱ ሠርግ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይበዛል። በጋሞ ደግሞ የወንጌላውያን ምእመናን እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ፥ በሠርጋቸው የሚሰማው መዝሙር እንጂ ዘፈን ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አዘጋጁ ሠርግ በሰማበት ቤት ሁሉ ቡድኑን ከማቅረቡ በፊት የቤተ ሰቡን ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል። ሳይጠይቁ ሄዶ ከደጅ መመለስ ለሙዚቀኛው ውርደት፥ ለደጋሹም ኀፍረት ነው።

አሁን ወደ መራራው ነገር እንድረስ። «ትልቅ ሰው ፊት ትጫወታላችሁ፤ ስማችሁ ይታወቃል» እየተባለ በነፃ የሚጠራ ቡድን ብዙ ነው። ድንኳኑን የተከለው፥ ወንበሩን ያከራየው፥ ምግቡን የሠራው ሁሉ ይከፈለዋል፤ ስም ይበቃሃል የሚባለው ሙዚቀኛው ብቻ ነው። ይከፈለዋል የተባለውም ቢሆን፥ የግብር ከፋይ መለያ ቍጥርና ደረሰኝ ስለሌለው ሒሳብ ክፍሉ «በምን ላወራርደው?» ይላል፤ ሒሳብ ክፍሉም አልተሳሳተም። ጥፋቱ ይህን በጥሪው ቀን ያልተናገረው ሠራተኛ ነው። ቡድኑም በበኩሉ ማኅበር ሆኖ ንግድ ፈቃድ ካላወጣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ እጠብቃለሁ ማለቱ ከንቱ ድካም ይሆንበታል።

የደብዳቤውንም አድራሻ ማስተካከል ያስፈልጋል። ጋሞ ዞን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ስለ ሆነ፥ በቀድሞው ልማድ ወደ ሐዋሳ የተጻፈ ጥያቄ ባለቤት አያገኝም።

እንግዲህ ጥሪው ሲጻፍ አምስት ነገር ይግለጽ፤ የክፍያው መጠን፥ የሚከፈልበት ቀን፥ የሚፈለገው ሰነድ፥ መኝታው የት እንደ ሆነ፥ በቀሩት ሁለት ምሽቶችም ቡድኑ ሌላ ቦታ እንዲጫወት የተፈቀደ መሆኑ። ይህ የመጨረሻው በብዙ ውል ላይ ስለማይጻፍ፥ ጠሪው «በእኔ ወጪ መጥተው ለሌላ ይሠራሉ» ብሎ ሲቈጣ ይሰማል። ዘፋኟም ከምሽት ሥራ በኋላ ወደ ማደሪያዋ የሚያደርሳት ሰው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ይህን በመጨረሻው ሰዓት ለባጃጅ ነጂ መተው አይገባም። ክፍያውም ቡድኑ መናኸሪያ ሳይደርስ በእጁ ይግባ፤ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ስለ ገንዘቡ የሚደወለውን ስልክ የሚያነሣ ሰው እምብዛም አይገኝም።