መስመሩ አለ፣ አድራሻው ጠፋ

ቡና ነጋዴ ያለ ስልክ አይነግድም። ጅማ የተቀመጠ አቅራቢ አጋሮ፣ ጌራና ሊሙ ገነት ካሉት ሰብሳቢዎቹ ጋር ሳይነጋገር የዕለቱን ዋጋ ሊቆርጥ አይችልም። እሸት ቡና ደግሞ ፋታ አይሰጥም፤ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈያው ካልደረሰ መብላላት ይጀምርና ደረጃው ይወርዳል። በዚህ ላይ የኒውዮርክ ገበያ በመኸሩ ወራት የሚዘጋው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም አረቢካ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ በወጣበት ሰሞን ያንን ሰዓት ተቆራርጦ ማሳለፍ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለላኪዎቻችን መንገር አያሻም።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለበት በኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ ኮምፒዩተር የሚያውቅ ወጣት አይጠፋም። በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ እንደ ማምብል ያለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሆነ የድምፅ መነጋገሪያ ሰርቨር ከነጋዴው ቤት ሊያቆም ይችላል። «ቴሌግራም እያለ ምን አደከመው?» የሚል አንባቢ ካለ፣ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም ቴሌግራም ለአምስት ወር ያህል ተዘግቶ እንደነበር ያስታውስ። (በሰኔ 2012 ዓ.ም እንደሆነው ኢንተርኔቱ ከነጭራሹ ሲቋረጥ ግን የቤት ሰርቨርም አያድንም።)

እንግዲህ ሰርቨሩ ቆመ እንበል። ከቤት ሲሞክሩት ዘወትር ይሠራል። ከአጋሮ ግን ሰኞ ይገባል፣ ማክሰኞ እምቢ ይላል፣ ረቡዕ ይገባና ድምፁ ይንቀራፈፋል። ነጋዴው ወዲያው ከፍ ያለ የፍጥነት ጥቅል ይገዛል። ገንዘብ በከንቱ የሚፈሰው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ በተለመደው ደረጃ በሴኮንድ ከ100 ኪሎ ቢት በታች ይበቃዋል፤ አንዱ ሲናገር አሥር ሰው ቢያዳምጥ እንኳ ሰርቨሩ የሚልከው ከ1 ሜጋ ቢት አይዘልም። የጎደለው ፍጥነት አይደለም፣ አድራሻ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ እንደገና ይነሣል፤ ያን ጊዜ ከአገልግሎት ሰጪው የሚያገኘው የአይ ፒ አድራሻ ከትናንቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። የአጋሮው ሰው ግን ዛሬም የትናንቱን በር ያንኳኳል። ቤት ውስጥም እንዲሁ፤ ራውተሩ ለኮምፒዩተሩ የሰጠው የውስጥ ቁጥር ይቀየርና ከውጭ የመጣው ጥሪ ወደ ልጆቹ ስልክ ይላካል። ለዚህኛው መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ራውተሩ ላይ ለኮምፒዩተሩ ቋሚ የውስጥ ቁጥር ማስያዝ፣ በቁጥር ምትክ አድራሻው ሲለወጥ ራሱን የሚያስተካክል ስም መጠቀም፣ ለሁለቱም መሣሪያዎች አንድ ዩፒኤስ መግዛት። ድምፁ የሚንቀራፈፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፖርት 64738 በቲ ሲ ፒ ብቻ ተከፍቶ በዩ ዲ ፒ ስለተዘነጋ ነው። ማምብል በዩ ዲ ፒ መንገድ ሲያጣ ድምፁን በቲ ሲ ፒ ያሳልፈዋል፤ ይደርሳል፣ ግን እየዘገየ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ላይሆን ይችላል። ራውተሩ በውጭ በኩል ያገኘሁት ነው የሚለውን አድራሻ፣ አንድ የኢንተርኔት ገጽ የእርስዎ ነው ከሚልዎት ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ወይም በ10 የሚጀምር ከሆነ፣ እርስዎ የራስዎ አድራሻ የለዎትም። ለመላው ቀበሌ አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደመስጠት ነው፤ እርስዎ የፈለጉትን ደብዳቤ መላክ ይችላሉ፣ ለእርስዎ የመጣውን ግን ፖስታ ቤቱ ለማን እንደሚሰጥ አያውቅም። ራውተሩ ላይ መቶ ፖርት ቢከፍቱ ለውጥ አያመጣም።

አገልግሎት ሰጪዎች ይህን የሚያደርጉት በክፋት አይደለም። የአሮጌው ሥርዓት አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ናቸው፤ የዓለሙ ማዕከላዊ ማከፋፈያ በጥር 2003 ዓ.ም ተሟጧል። ዛሬ አድራሻ በዶላር የሚገዛና የሚሸጥ ንብረት ነው። ያጠረ ዕቃ ግን ዋጋ ወጥቶለት በግልጽ ይሸጣል እንጂ ተሸፋፍኖ አይታደልም። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ያለው ፉክክር በአመዛኙ በጊጋ ባይትና በፍጥነት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ለአነስተኛ ነጋዴ ከፍጥነቱ ይልቅ የራሱ የሆነ የማይለወጥ አድራሻ ይበልጥበታል፤ ይህም በወር ሒሳብ፣ በችርቻሮ፣ ሊቀርብለት ይገባል። ቢያንስ ቢያንስ የሚያገኘው አድራሻ የብቻው ይሁን የጋራ፣ ከመክፈሉ በፊት ይነገረው። ያለዚያ የሚቀረው መውጫ ውጭ አገር ሰርቨር ተከራይቶ ጥሪውን በዚያ ማዞር ነው። ኪራዩ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዶላር ኪራይ በብር ስንት እንደሚመጣ አንባቢ ያውቀዋል። ከጅማ አጋሮ ለመነጋገር ባሕር ተሻግሮ መመለስ!

መኸሩ ጥቅምት ላይ ሳይጠነክር አንድ ምሽት ራውተሩንም ኮምፒዩተሩንም ከሶኬት ይንቀሉ፣ አሥር ደቂቃ ይቆዩና መልሰው ይሰኩ። ከዚያ አጋሮ ያለው ሰውዎ በሞባይል ዳታ እንዲገባ ይንገሩት። ካልገባ፣ የፍጥነት ጥቅል ለመግዛት ከመሄድዎ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው ይያዙና አገልግሎት ሰጪው ቢሮ ጎራ ብለው «ይህ አድራሻ የኔ ነው ወይስ የጋራ?» ብለው ይጠይቁ።