አፕዴቱም በፍላሽ ይምጣልን

ሉማሜ ውስጥ ኮምፒውተር ባለበት ቤት ፍላሽ አይጠፋም፤ ዘወትር የሚሠራ ኢንተርኔት ያለው ግን ጥቂት ሰው ነው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ዳር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ይዤ ስሠራ፣ ሰነድ ሁሉ የሚመጣልኝ በፍላሽ ነው። መምህሩ የፈተና ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የጤፍ ግዢ ሰንጠረዥ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ከቴሌግራም የወረደ የጥያቄ ስብስብ፤ አዲስ ተጋቢዎች የሠርግ ፎቶ። ያው ፍላሽ ማታ ፊልም ማስጫኛ ቤት ይሄዳል፣ በማግስቱ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ይሰካል፣ ሲመሽ ደግሞ ልጆች ያሉበት ቤት ይገባል። ቫይረሱም አብሮ ይዞራል።

ለቤት ኮምፒውተር ይጠቅማል ተብሎ የሚጻፈው ምክር አብዛኛው ይህን ኑሮ አያውቀውም። «አንቲቫይረስህን አፕዴት አድርግ» ብሎ ያልፋል። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በካርድ ዳታ እየገዛ ለሚጠቀም፣ ኔትወርኩም መጣ ሄደ ለሚልበት ሰው መንገዱን አያሳይም። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ቫይረሱ በፍላሽ እየመጣ መከላከያውን ከኢንተርኔት ብቻ ጠብቁ መባላችን ልክ አይደለም። አፕዴቱም በፍላሽ ሊመጣልን ይችላል፤ ይህን ማድረግ የሚችል ተቋምም በአቅራቢያችን አለ።

«እኔ ኢንተርኔት የለኝም፣ ቫይረስ ከየት ይገባብኛል?» የሚሉኝ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የምሰጣቸው መልስ የናታንዝ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታወቀው ስቱክስኔት የተባለ ቫይረስ ያጠቃው ኢራን ናታንዝ ላይ ያለውን የዩራኒየም ማበልጸጊያ ጣቢያ ነበር። የጣቢያው ማሽኖች የሚታዘዙባቸው ኮምፒውተሮች ከኢንተርኔት ጋር አልተገናኙም፤ ስለዚህም ቫይረሱ በፍላሽ እንዲሻገር ተደርጎ ነው የተሠራው። ከተጠቀመባቸው የዊንዶውስ ቀዳዳዎች አንዱ የሾርትከት ምልክት ነበር። ሰውየው ምንም ነገር መክፈት አያስፈልገውም፤ ፍላሹ ውስጥ ያለው ዝርዝር ስክሪኑ ላይ ብቅ ማለቱ ብቻ ይበቃ ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ደፈነው። አፕዴቱን ያላገኘ ኮምፒውተር ግን ቀዳዳው እንዳለ ቀጠለ።

እኛ ዘንድ የሚመላለሰው ቫይረስ እንዲህ የረቀቀ አይደለም። «እትዬ፣ ፎልደሬ ሁሉ ሾርትከት ሆነብኝ» እያሉ የሚመጡ ተማሪዎች ያጋጠማቸው ተራ ነገር ነው። ቫይረሱ እውነተኞቹን ፎልደሮች ይደብቅና በየስማቸው የሾርትከት ምልክት ያስቀምጣል። ልጁ ያንን ሲጫን ፎልደሩ ይከፈትለታል፤ ቫይረሱም አብሮ ይነሣና ኮምፒውተሩ ላይ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ የሚሰካበትን ፍላሽ ሁሉ ይበክላል። ሰው የሚጎዳው ከዚህ ቀጥሎ በሚያደርገው ነው። «ፋይሉ ጠፍቷል» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ በእርግጥ ይጠፋል። እባካችሁ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የፍላሹን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ምን ያህል ቦታ እንደተያዘ እዩ። ስምንት ጊጋ ከነበረው ስምንቱም ካለ፣ ሠርጉም ፈተናውም እዚያው ነው። አትሪብ የሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የተደበቁትን መልሶ ያወጣቸዋል፤ ገንዘብ የሚያስከፍል ፕሮግራም አያስፈልግም። ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ሳይጸዳ ፍላሹን ብቻ ማጽዳት ልፋት ነው፤ እንደገና ሲሰካ እንደገና ይያዛል።

ኮምፒውተሩን የሚያጸዳው መሣሪያ ደግሞ አብዛኛው ሰው ቤት አስቀድሞ አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ክፍያ የለውም። ለቤት የሚሆን ጥሩ ጥበቃ ነው፤ ከሰው ፍላሽ የተገለበጠና ፈቃዱ ያለፈበት ሌላ አንቲቫይረስ ከመጫን እጅግ ይሻላል። ችግሩ ዲፌንደር የሚያውቃቸው የቫይረስ መለያዎች ዝርዝር ካልታደሰ አዲሱን አለማወቁ ነው። ዊንዶውስ ሴኩሪቲ የሚለውን ከፍታችሁ የመጨረሻው አፕዴት የተደረገበትን ቀን ተመልከቱ። ከየቤቱ የሚመጡልኝ ላፕቶፖች ላይ ያን ቀን ሳይ አዝናለሁ፤ አንዳንዱ ዕቃው ከተገዛ ወዲህ አልታደሰም። ባለቤቱ በስልኩ ሆትስፖት ሲገናኝ ዳታው እንዳያልቅበት አፕዴቱን ዘግቶታል። ገንዘቡን ቆጥቦ ነው፤ አልፈርድበትም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ደግሞ መክፈል የሚችለውም የሚከፍልበት አጣ። በእነዚያ ወራት ፍላሾች ግን ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸውን አላቆሙም፤ እንዲያውም በዙ።

አፕዴት የቅንጦት ነገር የሚመስለው ካለ በግንቦት 2009 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማንን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ማይክሮሶፍት መከላከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። የጫኑት ዳኑ።

ያልተገዛን ፕሮግራም እንደተገዛ አስመስሎ ስለሚያሠራው ክራክም ዝም ማለት አልችልም። ኦፊስ፣ ፎቶሾፕ፣ የአማርኛ መጻፊያ፣ ራሱ ዊንዶውሱ ሳይቀር «አክቲቬት» እየተባለ በክራክ ይጫናል። ከክራኩ ጋር የሚመጣውን ማብራሪያ ያነበበ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የሚያዘው አንቲቫይረሱን አጥፋ ነው። ዘበኛህን አሰናብተህ በርህን ክፈት የሚል ሰው ምን ይዞ እንደሚገባ መጠየቅ ይገባ ነበር። ስቶፕ የተባለው ቆላፊ ቫይረስ በዓለም ላይ የተሠራጨው በዋናነት በክራክ ውስጥ እየተደበቀ ነው፤ የሚያጠቃውም ባንክና መሥሪያ ቤት ሳይሆን የቤት ኮምፒውተር ነው። ፎቶውን፣ ሰነዱን፣ ሁሉን ይቆልፍና 980 ዶላር ይጠይቅ ነበር፤ አጥቂዎቹን በ72 ሰዓት ውስጥ ላነጋገረ ግማሹን። እንኳን ለአንድ መምህር፣ ለአንድ ነጋዴም የሚከፈል አይደለም፤ ቢከፈልም መፈታቱን የሚያረጋግጥ የለም። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ለ148 ዝርያዎቹ በነጻ የሚሠራ መፍቻ አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ግን አብዛኞቹ በእሱ አይፈቱም። የኔዘርላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከሌሎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 ያቋቋሙት ኖ ሞር ራንሰም የተባለ ድረ ገጽ ለተለያዩ ቆላፊ ቫይረሶች መፍቻ በነጻ ይሰጣል፤ የተቆለፈበት ሰው ዲስኩን ከመደምሰሱ በፊት እዚያ ያስፈትሽ። ከሁሉም የሚሻለው ግን የፎቶውን ሁለተኛ ቅጂ ከኮምፒውተሩ በተነቀለ ዲስክ ማስቀመጥ ነው። ተሰክቶ የሚውል ቅጂ አብሮ ይቆለፋል።

ሰው ክራክ የሚጭነው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ነጻውንና ንጹሑን የሚሰጠው ስላጣ ነው። ስለዚህ ሐሳቤን እስከ ዝርዝሩ ልናገር። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ ዝርዝር ኢንተርኔት ለሌለው ኮምፒውተር እንዲሆን በአንድ ፋይል አድርጎ በድረ ገጹ ላይ በየዕለቱ ያስቀምጠዋል። መጠኑ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ነው፤ ለአንድ ቤት ዳታ ከባድ ይሆናል፣ አንዴ ወርዶ ለመቶ ቤት ሲደርስ ግን ከምንም አይቆጠርም። ፋይሉን ሁለቴ መጫን ብቻ ነው፤ ራሱ ይገባል። የዊንዶውሱም ወርኃዊ አፕዴት ፈረንጆቹ በሚቆጥሩት ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ይወጣል፤ እሱንም ካታሎግ ከሚባለው የማይክሮሶፍት ገጽ በፋይል ማውረድ ይቻላል። መብራትና ማቀዝቀዣ ባልደረሰበት ቀበሌ ክትባት በበረዶ ሳጥን ተይዞ በእግር እንደሚደርስ ሁሉ፣ ይህም በእጅ ሊደርስ ይችላል።

አፕዴቱ በሚመጣበት ፍላሽ ላይ ሌሎች ነጻ ፕሮግራሞችም ይጫኑ። ለጽሕፈትና ለሒሳብ ሊብሬ ኦፊስ፤ ነጻ ነው፣ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ መብራት በድንገት ሲሄድም ያልተቀመጠውን ሥራ ብዙ ጊዜ መልሶ ያገኘዋል። ለፊልም ቪኤልሲ፣ የታመቀ ፋይል ለመክፈት ሰቨን ዚፕ፣ ኢንተርኔት ሲገኝ ፋየርፎክስ። ለአማርኛ መጻፊያ ኪይማን ከነአማርኛ ሰሌዳው፤ ይህም ነጻ ነው፣ የሚጽፈው በዩኒኮድ ስለሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ አይበላሽም። በአሮጌ ፊደል የተጻፈ ደብዳቤ እኔ ዘንድ መጥቶ ትርጉም የለሽ ምልክት ሲሆን ያየ ሰው ይህን ያደንቀዋል።

ለልጆች ደግሞ አንድ ነገር ይጨመር፤ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው የስሙ መጨረሻ እንዲታይ ማድረግ። ዊንዶውስ ሲመጣ ይህን ይደብቀዋል። ስለዚህ «የማትሪክ ጥያቄ ፒዲኤፍ» የሚል ስም ይዞ ከቴሌግራም የወረደው ነገር በእርግጥ ፒዲኤፍ ይሁን ወይስ በስሙ የተሸፈነ ፕሮግራም ተማሪው አይለይም።

«ታዲያ ቫይረሱ የሚመጣው በፍላሽ ነው እያልሽ አፕዴቱን በፍላሽ ስታመጪ ማን ያምንሻል?» ቢሉኝ ተገቢ ጥያቄ ነው። አፕዴት መስሎ የሚመጣ ተንኮልም አለ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ባወጣው ጥናት፣ በውጭ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የአዶቤ ፍላሽ ማጫወቻ አፕዴት መስሎ በኢሜይል የተላከ የስለላ ሶፍትዌር አጋልጧል። ግን ከማይክሮሶፍት የወጣ ፋይል ዲጂታል ፊርማ አለው። በፕሮፐርቲሱ ውስጥ ፊርማው የማን እንደሆነና ትክክል መሆኑን ያሳያል፤ በመንገድ ላይ አንዲት ነገር ብትነካበት ፊርማው ይበላሻል። ይህ የሚመረመረው ንጹሕ በሆነ ኮምፒውተር ላይ መሆን አለበት። ማጓጓዣው ደግሞ መቆለፊያ ባለው አዳፕተር የገባ ሜሞሪ ካርድ ቢሆን ይመረጣል። በአዳፕተሩ ጎን ያለችው ትንሽ መግፊያ ወደ ታች ስትወርድ አብዛኛው ኮምፒውተር ከካርዱ ላይ ያነባል እንጂ አይጽፍበትም።

ጊዜውም ግድ ይላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 ለማለፍ ኮምፒውተሩ አዲስ ሊሆን ይገባል፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት አብዛኞቹ አሮጌ ላፕቶፖች አይቀበሉትም። ይህ ማለት ይጣሉ ማለት አይደለም። የዲፌንደር የቫይረስ ዝርዝር ለዊንዶውስ 10 እስከ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2028 እንደሚቀጥል ኩባንያው አስታውቋል፤ ስለዚህ በእጅ የሚደርሰው ፋይል ለእነዚህ ቤቶች ይበልጥ ያስፈልጋል። ላፕቶፑን ለጽሕፈት፣ ለንባብና ለፊልም ብቻ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ሊኑክስ ሚንት አለ። ነጻ ነው፤ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከር ይቻላል፤ ሊብሬ ኦፊስ ተጭኖበት ይመጣል። ያ የሾርትከት ቫይረስ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለሆነ እዚያ ላይ አይነሣም፤ የተበከለ ፍላሽ የማየው በእሱ ነው።

ይህን ሥራ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቢይዘው ደስ ይለኛል። የኮምፒውተር ተማሪዎች አሉት፤ መንገዱም አስፋልት ነው። በወር አንድ ጊዜ ፋይሎቹን አውርዶ፣ ፊርማቸውን መርምሮ፣ በተቆለፈ ካርድ ለየወረዳው ቢልክ የሚያወጣው ገንዘብ ጥቂት ነው። ለሉማሜ የሚመጣው ቅጂ አስቀድሞ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል ይሰጥ፤ ቀጥሎ እንደኔ ላሉ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶችና ለፊልም ማስጫኛዎቹ። ፊልም ሊያስጭን የመጣ ልጅ የዚያን ወር አፕዴት አብሮ ይዞ ይሄዳል፤ አስጫኙም ለዚህ ገንዘብ አይጠይቅ።