«ላንድክሩዘር አይከስርም» ለሚሉ፦ ከፃግብጂ መንገድ የተሰጠ ምላሽ

በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፦ «ላንድክሩዘር አይከስርም።» ይህን የሚለው ደላላ ብቻ አይደለም። ጥሪት የቋጠረ ነጋዴም፣ ከውጭ አገር የተመለሰ ወገንም፣ ያረጀ ንብረቱን በጨረታ የሚያስወግድ መሥሪያ ቤትም ያገለገለ ላንድክሩዘርን የሚያየው እንደ ገንዘብ ማስቀመጫ ሣጥን ነው። የሚያቀርቡትም ማስረጃ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ዕድሜያቸው በገፋና ሞተራቸው ትልቅ በሆነ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠራ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የገባው ሁሉ ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ ሻጭ የጠራውን የሚከፍል ገዢም አልጠፋም።

ዋጋው መውጣቱን አልክድም። የምከራከረው የገበያ ዋጋውንና መኪናው የሚሰጠውን አገልግሎት አንድ አድርጎ ከመያዝ ጋር ነው። ይህ መምታታት አዲስ አበባ ላይ ብዙም አይጎዳ ይሆናል። በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ግን፣ በተለይም እንደ ፃግብጂ ባለ ወረዳ፣ ሰው ተበድሮ የማይሆነውን መኪና እንዲገዛ ያደርገዋል፤ ይባስ ብሎም ለሥራ የሚሆነውን መኪና ሥራው ካለበት ቦታ ያርቃል።

በመጀመሪያ ስለ ብሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብር አለፈ። ለምሳሌ በ57 ጊዜ በሦስት ሚሊዮን ብር የተገዛ መኪና፣ ዶላሩ 114 በገባ ቀን ስድስት ሚሊዮን ካላወጣ፣ በዶላር ሲሰላ ባለቤቱ ከስሯል። አስመጪው ከዚያም በፊት የሚያሰላው በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ስለነበር ስሌቱ ልክ እጥፍ አይመጣም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ቢሆንም ሰው «መኪናዬ ተወደደ» ሲል በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ብሩ መርከስ ነው። ደግሞም መኪና በሄደ ቁጥር የሚበላ ንብረት ነው። በ2014 አጋማሽ ሊትሩ 28.94 ብር የነበረው ናፍጣ በጥር 2017 98.98 ብር ይሸጥ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ዋግ ኽምራ ዋና ከተማ እስከ ሰቆጣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር የሚጠጣ ላንድክሩዘር በዚያ ዋጋ ለመሄጃው ብቻ ወደ 10,000 ብር የሚጠጋ ናፍጣ ያቃጥላል።

«አይከስርም» ባዩ ያልተናገረው ሌላም ግምት አለው፤ ገበያው ሁልጊዜ ክፍት ነው ብሎ ያስባል። የዋግ ሰው ይህ ግምት ሲፈርስ በዓይኑ አይቷል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከፃግብጂና ከአበርገሌ ብዙ ሕዝብ ተፈናቅሎ ሰቆጣ ሲጠለል፣ መንገድ ሲዘጋ፣ መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋ፣ ውድ መኪና ለባለቤቱ ስጋት እንጂ መከታ አልነበረም። አይሸጥ፣ ገዢ የለም፤ አይደበቅ፣ ግዙፍ ነው። ያን ጊዜ ስለ መኪና የሚጠየቀው ስንት ያወጣል ሳይሆን ስንት ሰው ጭኖ ይወጣል ነበር።

እዚህ ላይ ነው «ላንድክሩዘር» የሚለው አንድ ስም ሁለት በጣም የተለያዩ መኪኖችን እንደሚሸፍን ማየት የሚያስፈልገው። አንደኛው በሰፊው ቪኤይት የሚባለው፣ ከ2007 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የተመረተው የ200 ተከታታይ ነው። የናፍጣ ሞተሩ 4.5 ሊትር፣ ስምንት ሲሊንደርና ባለ ሁለት ተርቦ ነው፤ ናፍጣውን በኮምፒውተር እየታዘዘ ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ይረጫል። ሁለተኛው ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረተው የ70 ተከታታይ፣ የኛ ሃርድቶፕ ነው። በብዛት የምናውቀው 1ኤችዜድ የሚባለው ሞተሩ 4.2 ሊትርና ስድስት ሲሊንደር ሲሆን ተርቦ የለውም፤ ናፍጣውን የሚገፋው ሜካኒካል ፖምፓ ነው። በገበያው ክብር ያለው ቪኤይቱ ነው። ፃግብጂ ላይ የሚፈለገው ግን ሃርድቶፑ ነው፤ ምክንያቱንም ከኮፈኑ ሥር ማየት ይቻላል።

ማደያ በራቀበት አገር ናፍጣ በጀሪካንና በበርሜል ይጓጓዛል፤ በጎማ ቱቦ ሲቀዳ ከሥር የተኛው ውሃና ደለል አብሮ ይገባል። ቪኤይቱ እንዲህ ያለ ናፍጣ አይችልም። የመርጫው ቀዳዳ እጅግ ረቂቅ ነው፤ ትንሽ ከተጫረ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል፣ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ መኪናው ዳገት መሐል መሳብ ያቆማል። ጉድለቱን ለማንበብ የዲያግኖስቲክ መሣሪያ፣ መርጫውን ለመተካት ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ የሚልክ ገንዘብ ያስፈልጋል። ሃርድቶፑም በውሃ ይጎዳል፤ ፖምፓው ይበላል። ልዩነቱ ሹፌሩ ቁልቁል ጎንበስ ብሎ በፊልትሮው ሥር ያለችውን ብሎን አላልቶ ውሃውን ማፍሰስ፣ ከፊልትሮው አናት ያለችውን የእጅ ፖምፓ ደጋግሞ ተጭኖ አየሩን ማስወጣት፣ ከዚያም ማስነሣት መቻሉ ነው። መንገድ ዳር፣ በአንድ ቁልፍ፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ።

አቧራውም አለ። በበጋ ከሰቆጣ ወደ ፃግብጂ የሚሄድ መኪና በመንገዱ የሚነሣውን ዱቄት አቧራ ሲስብ ይውላል። ገዢ የሚያየው ቀለሙንና ወንበሩን ነው። እኔ የምመክረው ከአየር ፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ቱቦ አስፈትቶ ውስጡን በነጭ ጨርቅ መጥረግ ነው። ጨርቁ ላይ አቧራ ከቀረ ያ ሞተር አሸዋ ሲበላ ኖሯል፤ ፒስተኑና ሲሊንደሩ ተፋፍቀዋል፤ ቆጣሪው ያሳየው ኪሎ ሜትር ምንም ቢሆን። ቆጣሪ ወደኋላ ይመለሳል፤ ባይመለስም እንኳ ሞተሩ ተነሥቶ የቆመባቸውን ሰዓታት አይቆጥርም። ሃርድቶፕ ከሆነ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተለወጠ መጠየቅ ግድ ነው፤ ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ መለወጥ አለበት፤ ተበጥሶ ከተገኘ ቴስታታውን ይዞ ይሄዳል። የኋላው ባልስትራ ቅጠሎች ተሰንጥቀው እንደሆነ መኪናው ሥር ተኝቶ ማየት ያስፈልጋል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ማስነሣት፣ ጭሱን ማየት፣ በከባዱ ማርሽ ጠጠር ዳገት ማስወጣት፤ ይህን በቀለበት መንገድ ላይ በሚደረግ የሙከራ ጉዞ ማወቅ አይቻልም።

ለቪኤይት የሚከራከሩ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ ልለፈው አልፈልግም። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በዚያ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በዚያው መጠን ይደክማል፤ ሙሉ ሰው የጫነ ሃርድቶፕ ዳገት ላይ እያጨሰ ሲያቃስት ያየ ሁሉ ይህን ያውቃል። የቆየ ሃርድቶፕ ኤርባግ የለውም፤ ከኋላ በጎን በኩል በተዘረጋው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መንገዱን የጨረሰ ሰው ወገቡን ይዞ ነው የሚወርደው። ቪኤይት በሁሉም ይበልጠዋል፤ እየሠራ እስካለ ድረስ። ጥያቄው ግን ሲቆም ማን ያስነሣዋል የሚለው ነው፤ በፃግብጂ ይህ ጥያቄ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ምጥ የጠናባት እናት ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ ክትባት በቀዝቃዛ ሣጥን ሳይሞቅ መግባት አለበት፤ በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን አልሚ ምግብ በጊዜው መድረስ አለበት። የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቆም በ2007 የተገባው የሰቆጣ ቃል ኪዳን በዚህች ከተማ ስም የተጠራው በከንቱ አይደለም።

ስለ ወረቀቱ ባጭሩ። ከርዳታ ድርጅት የወጣ መኪና ብዙ ጊዜ ከቀረጥ ነፃ የገባ ነው፤ መብቱ ወደሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጥና ታክሱ መከፈል አለበት። «ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ስሙ በኋላ ይዛወራል» የሚል ሻጭ ይህን ዕዳ ለገዢው እያሸከመ ሊሆን ይችላል። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር ካልገጠመ፣ የጉምሩክ ሰነዱም ካልቀረበ፣ ቀብድ አለመስጠት ነው።

ትልቁ ጉዳት ግን በግለሰብ ገዢ ላይ የሚደርሰው አይመስለኝም። «አይከስርም» የሚለው እምነት የሕዝብ ንብረት አወጋገድንም ይዞታል። መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች ሃርድቶፖቻቸውን ሲያሰናብቱ ከፍተኛ ዋጋ ለሰጠ ይሸጣሉ፤ ከፍተኛ ዋጋ የሚሰጠው ደግሞ መኪናውን ለትርፍ የሚያቆየው ነው። በሌላ በኩል በየወረዳው የጤና ጽሕፈት ቤት ግቢ ውስጥ ጎማው ወልቆ በድንጋይ ላይ የቆመ አምቡላንስ ማየት የተለመደ ነው። የጎደለው ካምቢዮ፣ ዲፈረንሻል ወይም አንድ ፖምፓ ነው። በአዲስ አበባ ጨረታ የወጣው ሃርድቶፕ ያንኑ ዕቃ ይዟል። ባይነዳ እንኳ ተፈትቶ የቆመውን ያስነሣል።

መንግሥት ከጨረታው የሚያገኘውን ገቢ ያጣል ይባል ይሆናል። ያጣል፤ የሚያጣው ግን በሽያጩ ቀን የሚታየውን ገንዘብ ነው። ለዚያ ወረዳ በኋላ አዲስ አምቡላንስ ለመግዛት የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ከዚያ ይበልጣል፤ እስኪገዛ ድረስ በቃሬዛ የሚወርደውን ሕመምተኛ ደግሞ የትኛውም የሒሳብ መዝገብ አያሰላውም። «የኤሌክትሪክ መኪና ይተካዋል» የሚለውም መልስ መብራቱ አስተማማኝ ሆኖ እስኪዘልቅ ለፃግብጂ አይሠራም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። ባለ ሜካኒካል ፖምፓ ሃርድቶፕ ለጨረታ ከመውጣቱ በፊት መንገዳቸው ጠጠር ለሆነ ወረዳዎች የጤና ጽሕፈት ቤቶች በዝውውር ይቅረብ፤ ወረዳው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልወሰደው ጨረታው ይቀጥል። ሲተላለፍም ሞተሩ መቼ እንደወረደ፣ ቺንጋው በስንት ኪሎ ሜትር እንደተለወጠ፣ የትኛው ዕቃ ኦርጅናል የትኛው ተተኪ እንደሆነ የሚናገር የጥገና መዝገብ አብሮ ይሰጥ። ይህን መዝገብ መያዝ የሚጀመረው መኪናው ሥራ ላይ ሳለ ነውና፣ ዛሬ ሃርድቶፕ የሚነዳ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚቀጥለውን የዘይት ቅያሪ ጽፎ ይጀምር።