ነዳጅ የምትገዛ አገርና ሁለት ሞተር ያለው መኪና

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲያሻቅብ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ ማቆማቸውና ንጉሣዊው መንግሥት ከጭማሪው ለመቀነስ መገደዱ ለአንባቢያችን እንግዳ ታሪክ አይደለም። ነዳጅዋን ከውጭ የምትሸምት አገር ውስጣዊ ሰላሟ ሳይቀር በባሕር ማዶ ጉድጓዶች ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ያን ጊዜ በግልጽ ታይቷል።

ስለዚህ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ሲያስታውቅ፣ እርምጃው በመርሕ ደረጃ ሊደገፍ የሚገባው ነበር። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከገዛ ወንዞቻችን ይመነጫል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነዳጅ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። ምንዛሪውን የሚያመጣው ማን ነው? የወርቃ ገበሬ ነው፤ ቀይ ቡና የምትለቅመው እናት ናት፤ በማጠቢያ ጣቢያው ውኃ ውስጥ ቆሞ የሚውለው የቀን ሠራተኛ ነው። ከጌዴኦ ኮረብታ በላብ የወረደ ቡና በመዲናይቱ ጎዳና ላይ ጭስ ሆኖ ሲተን ዝም ብሎ ማየት አይቻልም።

አንዳንድ ወገኖች መካከለኛ መንገድ አለ ይላሉ፤ ሃይብሪድ ማለታቸው ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1997 ፕሪየስን ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ይህ ዓይነቱ መኪና ነዳጅ እንደሚቆጥብ መካድ ሐሰት መናገር ይሆናል። ጃፓንን ለመሰለ፣ መለዋወጫም ባለሙያም ለሞላው አገር የሚበጅ ብልሃት ነው። በእኛ ተጨባጭ ሁኔታ ሲመዘን ግን ሃይብሪድ ሁለት ማሽን ተሸክሞ የሚዞር፣ በሁለቱም በኩል ጥገና የሚጠይቅ፣ ከኬላ ኬላ ቤንዚን የሚለምን መኪና ነው። ጥገኝነቱን ያሳንሰዋል እንጂ አይቆርጠውም።

የወርቃን መንገድ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያለ መጽሐፍ ይረዳዋል። ቡናው የሚበቅለው በደጋው ነው፤ ዲላ በቆላማው በኩል 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መኪናው ጭኖ የሚወርደው ቁልቁል ነው፤ ባዶውን የሚመለሰው ሽቅብ ነው። ዛሬ በአይሱዙ ሲወረድ የጭነቱ ጉልበት በሙሉ የፍሬን ሸራ እያጋየ ይባክናል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ቁልቁለት ላይ ራሱ ጄኔሬተር ይሆናል፤ መኪናውን እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ሃይብሪዱም ይህን ያደርጋል፤ ባትሪው ትንሽ በመሆኑ ግን ረጅሙ ቁልቁለት ሳያልቅ ይሞላና የቀረው ጉልበት መልሶ ወደ ፍሬን ይሄዳል። ለቡና አገር የተሠራ የጭነት መኪና ቢኖር ኖሮ ኤሌክትሪክ በሆነ ነበር።

የመኪና እሽቅድምድምንም በዚሁ ዓይን ማየት ይገባል። ጎረቤታችን ኬንያ የምትኮራበት ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲጀመር ለእንግሊዟ ንግሥት ዘውድ መድፋት መታሰቢያ ነበር፤ የቅኝ ገዢዎች ጨዋታ በአፍሪካዊው አቧራ ላይ! የሆነ ሆኖ እሽቅድምድም ለሞኖፖሊ ኩባንያዎች ቤተ ሙከራ ነው። ፎርሙላ ኢ እ.ኤ.አ. በ2014 በቤጂንግ በባትሪ ብቻ መወዳደር ጀመረ። የዓለም ራሊ ሻምፒዮና በበኩሉ በ2022 ያስገባውን የሃይብሪድ መሣሪያ በ2025 አውልቆ ጣለው። ኩባንያዎቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ነገር የመጨረሻው ሥልጣኔ አድርጎ ለእኛ መሸጥ ምን ይባላል? የእኛማ እሽቅድምድም ሌላ ነው፤ ጫት የጫነ አይሱዙ በጠዋት የሚያካሂደው ነው። ሕዝቡ መኪናውን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ውድድር ተሸላሚ የለም፤ ሟች ግን አለ።

እዚህ ላይ ግን የራሳችንንም አሠራር መተቸት ግድ ይላል። እገዳው እስካሁን ያስገባልን በአመዛኙ የቤት አውቶሞቢል ነው፤ ያውም ጽሑፉ ሳይቀር ቻይንኛ የሆነ። ይህ መኪና የከተማውን ባለ ገንዘብ ከነዳጅ ወረፋ ያወጣዋል፤ ከወርቃ ወደ ዲላ የምትሄደውን ወላድ ግን አሁንም ሞተር ሳይክል ላይ ያስቀምጣታል። የኃይል መሙያው አዲስ አበባ ላይ ተከማችቷል። ባትሪው ቢበላሽ የሚፈታው ባለሙያ የት ነው? አምቼ ከተመሠረተ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ወዛደሩም ብሎን ከማጥበቅ አልፎ የማሽኑ ባለቤት ሊሆን ይገባል። ከነዳጅ ጥገኝነት ወጥተን ወደ ባትሪ ጥገኝነት ከገባን፣ የተለወጠው ሻጩ ብቻ ነው።

ስለዚህ የቀበሌ ማኅበራትና የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚያነሡት ጥያቄ የተወሰነ ይሁን፦ የመጀመሪያው መሙያ ጣቢያ በዲላ መናኸሪያ ይተከል፤ ሁለተኛው በማጠቢያ ጣቢያዎቹ አጠገብ፤ የዲላ የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም ከካርቡሬተር ጎን የባትሪ ጥገና ይማሩ፤ ከቀረጥ የሚደረገው ቅናሽ ከአውቶሞቢሉ በፊት ለአውቶቡስና ለጭነት መኪና ይዋል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ክፍልም በመጪው የቡና ለቀማ ወቅት፣ መንገዱ በጭነት ሳይጨናነቅ፣ ወርቃ ድረስ ወርዶ ቢነጋገር ይመረጣል።