“ሲስተም የለም” ከሚለው ምላሽ ጀርባ፦ የመሥሪያ ቤቶች የውስጥ ኔትወርክ አነዳደፍ

አንድ ባለጉዳይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ተሰልፎ ከመስኮቱ ሲደርስ የሚሰጠው ምላሽ “ሲስተም የለም” የሚል ከሆነ፣ የሚባክነው የተሰለፈበት ጊዜ ብቻ ሳይሆን ለዕለቱ ያቀደው ሥራ ጭምር ነው። ምላሹን የሚሰጠው ሠራተኛም ከዚያ በላይ የሚያስረዳው ነገር አይኖረውም። መብራት አለ፣ ኮምፒውተሩም በርቷል፤ ሆኖም መረጃው የሚገኝበት ሰርቨር አይመልስም። በዚህ ጊዜ ወቀሳው በቀጥታ የሚያርፈው ከህንጻው ውጪ ባለው የቴሌኮም መሥመር ላይ ነው።

መሥመሩ የሚቋረጥበት ጊዜ መኖሩ አይካድም። ይሁንና በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች “ኔትወርክ” በሚል አንድ ስም እንደሚጠሩ ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው ኢትዮ ቴሌኮም እስከ ህንጻው ድረስ የሚያደርሰው መሥመር ነው። ሁለተኛው ከዚያ መሥመር መዳረሻ አንስቶ በየወለሉና በየክፍሉ አልፎ እያንዳንዱ ሠራተኛ ጠረጴዛ ዘንድ የሚደርሰው የውስጥ ኔትወርክ ነው። የመጀመሪያው የአገልግሎት ሰጪው ኃላፊነት ሲሆን ሁለተኛው የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሠራተኛው በዚያው ህንጻ ውስጥ ያለውን ሰርቨር ወይም በኮሪደሩ መጨረሻ የተቀመጠውን የጋራ ፕሪንተር ማግኘት ካልቻለ ችግሩ ከውጪ መጣ ማለት አይቻልም።

በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳኔት በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ማገናኘት ሲጀምር ከዋነኛ አገልግሎቶቹ አንዱ የቪዲዮ ጉባዔ ነበር። በዚያን ጊዜ ኔትወርኩ ቢቋረጥ ስብሰባው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም ከጸደቀ ወዲህ ግን መንግሥታዊ አገልግሎቶች በስፋት ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት እየተሸጋገሩ ነው። በ2017 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የበርካታ ተቋማትን መስኮቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ሰብስቧል። አሁን ኔትወርኩ ሲቆም አብሮ የሚቆመው የአገልግሎት መስኮቱ ነው።

የብዙ መሥሪያ ቤቶች የውስጥ ኔትወርክ ግን ተነድፎ የተሠራ ሳይሆን እየተቀጠለ ያደገ ነው። መጀመሪያ ለፋይናንስ ክፍሉ አሥር ኮምፒውተሮች ይገዛሉ፤ ለእነርሱም አንድ ስዊች ይተከላል። በዓመቱ የሰው ሀብት ክፍሉ ሲጨመር ከዚያው ስዊች ላይ ሌላ ስዊች ይቀጠላል። በመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ወቅት ግድግዳ ፈርሶ ሠራተኞች በሰፋፊ አዳራሾች እንዲቀመጡ ሲደረግ፣ በአሮጌው የክፍል አከፋፈል መሠረት የተዘረጋው ኬብል ባለበት ቀርቶ ስምንት ቀዳዳ ያላቸው ትናንሽ ስዊቾች ከጠረጴዛ ሥር መደርደር ጀመሩ። እያንዳንዱ ጭማሪ በወቅቱ ምክንያታዊ ነበር። የተደመሩበትን ውጤት በአንድ ወረቀት ላይ ያየ ሰው ግን አይገኝም።

እንዲህ ያለው አካሄድ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሚያሳይ፣ በኔትወርክ ባለሙያዎች ዘንድም ተደጋግሞ የሚነሳ አንድ አጋጣሚ አለ። በኅዳር 1995 ዓ.ም በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የሚገኘው ቤዝ እስራኤል ዲኮነስ የሕክምና ማዕከል ኔትወርክ ለአራት ቀናት ያህል ታወከ። ማዕከሉ በኮምፒውተር አጠቃቀሙ ከአገሪቱ ግንባር ቀደም ሆስፒታሎች የሚመደብ ነበር። መነሻው ተራ ነገር ነው፤ አንድ ተመራማሪ ብዛት ያለው መረጃ የሚለዋወጥ ፕሮግራም በኔትወርኩ ላይ ከፍቶ ትቶት ነበር። ኔትወርኩ ግን ስዊች በስዊች ላይ እየተቀጠለ የሰፋ ስለነበር፣ በአንዳንድ አቅጣጫ መረጃው ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ ከሰባት በላይ ስዊቾችን ማለፍ ነበረበት። ስዊቾች አንድ መልእክት በክብ መንገድ ያለማቋረጥ እንዳይዞር እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ደንብ ደግሞ የተዘጋጀው እስከ ሰባት ለሚደርስ ቅብብሎሽ ነው። ጭነቱ ሲበዛ ስዊቾቹ መደማመጥ ተሳናቸው፤ መልእክቱ እየተባዛ መላውን ኔትወርክ አጥለቀለቀው።

ሆስፒታሉ ወደ ወረቀት ተመለሰ። የላቦራቶሪ ውጤት በሰው እጅ ከክፍል ወደ ክፍል ይወሰድ ጀመር። መፍትሔ የተገኘውም አንድ ዕቃ በመቀየር ሳይሆን የኔትወርኩን አወቃቀር እንደገና በመንደፍና በየክፍሉ በመከፋፈል ነው። በወቅቱ የማዕከሉ የኢንፎርሜሽን ዘርፍ ኃላፊ የነበሩት ጆን ሃላምካ ጉድለቱን ሳይሸሽጉ ለሌሎች ተቋማት ትምህርት እንዲሆን ይፋ ማድረጋቸው ሊጠቀስ የሚገባው ነው። በአገራችን እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ከጥገና ክፍሉ የሥራ ማዘዣ አልፎ የሚመዘገብበት ልማድ አልዳበረም።

ንድፍ የሚጀምረው ከዕቃ ሳይሆን ከቆጠራ ነው። ለአብነት በአራት ወለሎች ላይ 200 ሠራተኞች የሚገኙበት አንድ ቢሮ ቢወሰድ፣ ብዙውን ጊዜ ለጨረታ ሰነዱ የሚቀርበው ቁጥር 200 ኮምፒውተሮች የሚል ይሆናል። በዋይፋይ የሚገናኙት የሠራተኞቹ ተንቀሳቃሽ ስልኮች ሌላ 200 ናቸው። 100 የኔትወርክ ስልኮች፣ እንዲሁም ፕሪንተሮችን፣ የጥበቃ ካሜራዎችንና የዋይፋይ ማሰራጫዎችን ጨምሮ 40 ያህል መሣሪያዎች ቢታከሉ ድምሩ 540 ይደርሳል። በተለምዶ በትናንሽ ቢሮዎች የሚሠራበት አንድ የአይ.ፒ አድራሻ ምድብ ግን የሚበቃው ለ254 መሣሪያዎች ብቻ ነው። አድራሻው ሲያልቅ የሚታየው ምልክት ግራ የሚያጋባ ነው። ማልደው የገቡት ሠራተኞች ያለችግር ይሠራሉ፤ ረፋድ ላይ የገባው ግን ኮምፒውተሩን ደጋግሞ ቢያጠፋና ቢያበራም አይገናኝም። ባለሙያው ኬብሉን ይፈትሻል፣ ካርዱን ይቀይራል። ዕቃው ግን ምንም አልሆነም፤ የጎደለው ቆጠራው ነው።

ከቆጠራው ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ጉዳይ ነው። የመዳብ የኔትወርክ ኬብል ከስዊቹ እስከ ኮምፒውተሩ በጠቅላላው ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ከዚህም ውስጥ በግድግዳና በጣሪያ የሚያልፈው ቋሚ ክፍል 90 ሜትር ነው። ስለሆነም ሁሉንም ኬብል ከምድር ቤት ካለ አንድ ክፍል መጎተት ሳይሆን በየወለሉ አንድ የኔትወርክ ካቢኔት መትከል፣ ካቢኔቶቹንም በፋይበር ኦፕቲክ ከዋናው ክፍል ጋር ማገናኘት ይመረጣል። ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ በመብረቅ ወይም በኃይል መዋዠቅ አንድ ወለል ላይ የደረሰ ጉዳት በኬብሉ በኩል ወደ ሌላው አይሻገርም። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት መሥመር ቢዘረጋ በአንድ ወለል 100 መሥመር ይሆናል፤ ይህም 48 ፖርት ያላቸው ሦስት ስዊቾች ይፈልጋል። 44 ፖርቶች ይተርፋሉ። ትርፉ ብክነት አይደለም፤ በሚቀጥለው የመዋቅር ለውጥ ከጠረጴዛ ሥር ትንሽ ስዊች እንዳይቀጠል የሚያደርገው እርሱ ነው።

በየወለሉ ያሉት ስዊቾች ወደ ዋናው ክፍል የሚወጡበት መሥመር ስፋትም በንድፉ ሊታይ ይገባል። እያንዳንዳቸው በሴኮንድ አንድ ጊጋቢት የሚያስተላልፉ 48 ፖርቶች በአንድ ጊጋቢት መውጫ ቢጠቃለሉ ሬሾው 48 ለአንድ ነው። መውጫው አሥር ጊጋቢት ቢሆን ወደ አምስት ለአንድ ገደማ ይወርዳል። ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ቅጽበት ስለማይጠቀሙ ሁለተኛው ለአብዛኛው ቢሮ በቂ ነው።

የኢንተርኔት መሥመሩን ስፋት በመጨመር ብቻ ይፈታል ተብሎ የሚታሰበው መንቀራፈፍም ከውስጥ የሚመነጭበት ጊዜ አለ። 200 ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው 500 ሜጋባይት የሚመዝን የሶፍትዌር ማሻሻያ ከኢንተርኔት ለየብቻ ቢያወርዱ 100 ጊጋባይት ይሆናል። 50 ሜጋቢት ስፋት ያለው መሥመር ለሌላ ሥራ ሳይውል ይህን ለመጨረስ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ማሻሻያውን አንድ ጊዜ አውርዶ በውስጥ የሚያከፋፍል ሰርቨር ቢኖር ከመሥመሩ የሚወሰደው 500 ሜጋባይት ብቻ ነው። ተጨማሪ የመሥመር ስፋት የሚጠይቅ ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት ይህ ስሌት መሠራት ነበረበት።

የጸጥታው ጉዳይ ከአወቃቀሩ ተለይቶ አይታይም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተሰኘው ቫይረስ ከ150 ያላነሱ አገሮችን ሲያዳርስ፣ በእንግሊዝ ከ236 የብሔራዊ ጤና አገልግሎት ተቋማት ቢያንስ 80 የሚሆኑት ሥራቸው ተስተጓጉሏል። ቫይረሱ በኢሜይል መከፈት እንኳ ሳያስፈልገው በአንድ ኔትወርክ ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይተላለፍ ነበር፤ መከላከያው ማሻሻያ ደግሞ ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ወጥቷል። የፋይናንስ ኮምፒውተሮች፣ የእንግዳ ዋይፋይ፣ የጥበቃ ካሜራዎችና ሰርቨሮች ሁሉ ያለ ክልል በአንድ ሜዳ ላይ በተዘረጉበት ቢሮ አንድ የተበከለ ፍላሽ ወደ ሁሉም ይደርሳል። በአንድ ስዊች ላይ የተለያዩ የማይተያዩ ኔትወርኮች መፍጠር የሚያስችለው ቪላን የሚባለው አሠራር ተጨማሪ ኬብል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማን ከማን ጋር መገናኘት እንዳለበት አስቀድሞ መወሰንን ነው። ይህ ውሳኔ ለአይ.ሲ.ቲ ባለሙያው ብቻ የሚተው አይደለም። የደመወዝ መረጃ ማን ይድረሰው የሚለው የአመራር ጥያቄ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የዜጎችን መረጃ የመጠበቅ ግዴታው በሕግም የተደገፈ ሆኗል።

በቀላሉ የሚጣሰውም ይኸው ክፍል ነው። አንድ ሠራተኛ ዋይፋይ ደክሞብኛል ብሎ ከቤቱ ያመጣውን ራውተር ግድግዳው ላይ ሲሰካ፣ ራውተሩ ለመላው ወለል የተሳሳተ አድራሻ ማደል ሊጀምር ይችላል። አንዱ ደግሞ ወድቆ ያገኘውን የኬብል ጫፍ በቅን ልቦና እዚያው ትንሽ ስዊች ላይ መልሶ ይሰካዋል፤ የቦስተኑን ዓይነት ክብ መንገድ ሠራ ማለት ነው። ዘመናዊ ስዊቾች ሁለቱንም የሚከላከሉበት አሠራር አላቸው። ነገር ግን አንድ ሰው ቅንብሩን እንዲሠራ ካልታዘዘ ከካርቶን እንደወጡ ያገለግላሉ።

ስለ ኃይል አቅርቦት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሰርቨሩ ዩ.ፒ.ኤስ ተደርጎለት የወለል ካቢኔቱ ካልተደረገለት ጥቅሙ ግማሽ መሆኑን መብራት በጠፋ ቁጥር መታዘብ ይቻላል። ካቢኔቱ የሚቀመጥበት ቦታም ያው ነው። አየር በማይገባበት መጋዘን፣ ከመጥረጊያና ከባልዲ ጎን ከተቀመጠ ዕድሜው አይረዝምም።

ሰፊው ክፍተት የሚታየው በግዢው ሂደት ላይ ነው። በጨረታ ሰነዱ ላይ “ካቲጎሪ 6 ኬብል” ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነውም ሆነ በመዳብ የተለበጠ የአሉሚኒየም ሽቦ ያለው ኬብል በአንድ ስም ሊቀርብ ይችላል። ሁለቱ ከውጪ ሲታዩ አይለያዩም። ሁለተኛው ደረጃውን የማያሟላ ከመሆኑም ሌላ በኬብሉ በኩል ኃይል ለሚወስዱ ስልኮችና ካሜራዎች አያስተማምንም። መብራት አብርቶ “ተገናኝቷል” የሚለው ትንሹ መፈተሻም ልዩነቱን አያሳይም። በመሆኑም ሰነዱ ሙሉ መዳብ መሆኑን በግልጽ ሊጠይቅ፣ የእያንዳንዱ መሥመር የፍተሻ ውጤትም ከመጨረሻው ክፍያ በፊት በጽሑፍ እንዲቀርብ ሊያስገድድ ይገባል። ኮንትራክተሩ ከሄደ በኋላ ጣሪያ ከፍቶ ኬብል መቀየር ከመጀመሪያው ዝርጋታ ያላነሰ ወጪ አለው።

ለእያንዳንዱ ፋይል ቁጥር ሰጥቶ፣ ገቢና ወጪ ደብዳቤ በመዝገብ የሚይዝ መሥሪያ ቤት ለ400 መሥመሮቹ ቁጥር አለመስጠቱ ያስገርማል። ንድፉ፣ የኬብሎቹ መለያና የስዊቾቹ ቅንብር በአንድ ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ካሉ፣ ባለሙያው የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ በለቀቀ ዕለት የይለፍ ቃሉም አብሮት ይሄዳል። ሰነዱ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ የይለፍ ቃሉም በታሸገ ፖስታ በካዝና እንዲቀመጥ ማድረግ በጀት አይጠይቅም።

በርክክቡ ቀን ኮሚቴው የዕቃ ቁጥር ከመቆጠር ባሻገር ሊያደርገው የሚገባ አንድ ፈተና አለ። ሠራተኞች በየቦታቸው ተቀምጠው እየሠሩ ሳለ ከአንዱ ወለል ወደ ዋናው ክፍል ከሚሄዱት ሁለት የፋይበር መሥመሮች አንደኛውን መንቀልና የመስኮቱ ሥራ መቀጠሉን ማየት ነው። ፈተናው ባለጉዳይ በማይኖርበት ቅዳሜ ቢካሄድ ይመረጣል፤ ሥራው ከቆመም ኮንትራክተሩ ገና ክፍያው ስላልተጠናቀቀ ሰኞ ጠዋት ከመሰላሉ ጋር ተመልሶ ይመጣል።