ለወላይታ ዝሆኔ የሰው ቆዳ በቤተ ሙከራ ይብቀል? ሙግት

የመጀመሪያው ጸሐፊ፦ ይብቀል

ፖዶኮኒዮሲስ ትል የማያመጣው ዝሆኔ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣት በቆዳ አልፎ የሊምፍ ሥሮችን ይጎዳል፤ እግር ያብጣል፣ ቆዳ ይሻክራል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ዞን ስርጭቱን 5.46 በመቶ አድርሶታል። በመላ ኢትዮጵያ የሕሙማኑ ቁጥር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ተሰልቷል።

ሁሉም ባለ ባዶ እግር አይታመምም። በወላይታ ቤተሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት የዘርን ድርሻ 63 በመቶ አድርጎ ገምቷል፤ የታመመ ወንድም ወይም እህት ያለው ሰው ከሌላው 5 እጥፍ ይጋለጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች ከዚሁ ዞን ተመርምረው ሕመሙ ኤችኤልኤ ከሚባሉት የበሽታ መከላከያ ዘረመሎች ጋር መያያዙ ታየ። ዘሩ ታወቀ፣ አፈሩም ታወቀ፤ ሁለቱ ቆዳ ውስጥ ሲገናኙ የሚሆነው ግን ገና አልጠራም። ከአፈሩ ማዕድናት አንዱ የሆነው ሲሊካ በጥንቸል ላይ ተሞክሯል፤ ጥንቸል ግን የሰው ኤችኤልኤ የላትም። በጠፍጣፋ ሳህን የተዘረጋ ሕዋስም የቆዳን ድርብርብ አይሠራም።

ኦርጋኖይድ፣ ማለትም ከግንደ ሕዋስ በቤተ ሙከራ የሚበቅል ትንሽ የአካል አምሳያ፣ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2009 የሃንስ ክሌቨርስ ቡድን በኔዘርላንድስ ከአይጥ ግንደ ሕዋስ ትንሽ አንጀት አሳደገ፤ በ2020 ጸጉር የሚያበቅል የሰው ቆዳ ኦርጋኖይድ ታተመ። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ጋር ሆኖ የሕመምተኛንና የጤነኛ ወንድሙን ቆዳ ጎን ለጎን ቢያሳድግ፣ የዞኑን ቀይ አፈር ቢጨምርበት፣ ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ እግሩ ይቅደም

በገበያ ዳር እግሯን በነጠላ ሸፍና የምትሸጥ ሴት የምትፈልገው ውሃ፣ ሳሙና፣ ቅባትና በእብጠቷ ልክ የተሠራ ጫማ ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወላይታ የሞሲ ፉት ማኅበር ሲያስተምር የኖረው ይህንኑ ነው። መፍትሔው እየታወቀ እግር ያልታጠበለትን ሰው ቆዳውን ለኦርጋኖይድ መቁረጥ ነውር ነው። ያበጠ እግር ላይ የወጣ ቁስል ቶሎ አይድንም።

ሌላም አለ። ሕመሙ ያለበት ቤተሰብ ልጅ ለጋብቻ እንደሚሸሽ በዞኑ ማንም ያውቃል። ለዘር ጥናቱ ፈቃድ ሲጠየቅም «በዘር ነው» መባሉ መገለሉን እንዳያብሰው ተሰግቶ ነበር። ኦርጋኖይድ ደግሞ ከሰጪው ዕድሜ በላይ ይኖራል፤ ቀዝቅዞ ይቀመጣል፣ ይባዛል፣ ባሕር ይሻገራል።

የመጀመሪያው ጸሐፊ ምላሽ

«መፍትሔው ይታወቃል» መባሉ ትክክል አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም በተደረገ የሕክምና ሙከራ ሳሙና፣ ቅባትና ጫማ የተሰጣቸው ሕሙማን እንኳ እያንዳንዳቸው በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ አጣዳፊ የእግር ብግነት አጋጥሟቸዋል፤ ያልተሰጣቸው 23.9 ጊዜ። ለውጡ ጥሩ ነው። ግን በዓመት 19 ጊዜ የሚወድቅ ገበሬ ድኗል አይባልም። ለሚቀረው ሥቃይ መድኃኒት የሚፈለገው አሠራሩ ሲታወቅ ነው፤ ለወላይታ ጫማ፣ ለሌላው አገር ሳይንስ የሚለው ክፍፍልም ለድሃ የተቆረጠ ጣሪያ ነው።

የሁለተኛው ጸሐፊ ምላሽ

«በዓይን ማየት ይቻላል» የሚለው እጅግ ተጋኗል። ቆዳ ኦርጋኖይድ ለመብሰል ከአራት ወር በላይ ይወስዳል፤ ሥር የሚሰድበት ማትሪጄል ከአይጥ ዕጢ ተወስዶ በቅዝቃዜ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ማሞቂያው ሲቆም የወራቱ ሥራ ሁሉ ይባክናል። እንዲህ ያለው ቆዳ የሊምፍ ፍሰት የለውም፤ የሚጎዳው ደግሞ ይኸው ነው። ይሁን ከተባለ፣ ሰጪው አስቀድሞ ይታከም፤ ፈቃዱን በወላይትኛ ይጠየቅ፤ ሕዋሱም ከአገር ሲወጣ ማን እንደሚያዝበት በጽሑፍ ይታሰር።