ከሥራ መልስ አንድ ብርጭቆ
ቴክሳስ ባለችው ሌዊስቪል ከሥራ መልስ አንድ ቢራ ያማረው ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ቢራው ሳይሆን ስለ መኪናው ነው፤ መጠጥ ቤት የሰፈር ነው የሚባለውም እዚህ ጋ ይፈተናል። አዲስ አበባ ላይ ግሮሰሪ ማለት ከታክሲ ወርዶ ቤት ከመግባት በፊት ጎራ የሚባልበት ቤት ነው። ድራፍቱ በጃምቦ ይቀዳል፣ አረፋው በብርጭቆው ጎን ይወርዳል፣ ቆሎው በትንሽ ሰሃን ይቀርባል፤ «ዛሬ በእኔ ነው» የሚለው ግብግብ ካለቀ በኋላ ሁሉም በእግሩ ቤቱ ይገባል። ቴክሳስ ግን የሕግ አገር ነው፦ በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.08 በመቶ ከደረሰ መንዳት ወንጀል ነው፤ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ ደግሞ መጠጥ ቤቶች በቅናሽ እንዳይሸጡ ተከልክለዋል። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ሰውን በእግሩ ወደ ቤቱ አለማድረሱ ግን እውነት ነው። ለዚህ ነው ኦልድ ታውን የሚባለው የሌዊስቪል ሰፈር መጠጥ ቤቶች ከሌሎቹ የሚሻሉት። ከዴንተን ተነስቶ ካሮልተን ድረስ የሚሄደው ኤ-ትሬይን የተባለው ባቡር እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ሲጀምር ሌዊስቪል እዚያው ኦልድ ታውን ውስጥ አንድ ጣቢያ አገኘች፤ ከባቡሩ የወረደ ሠራተኛ ሜይን ስትሪት ላይ ለመቀመጥ የመኪና ቁልፍ አያስፈልገውም። ለሐበሻው ግን ይህም አይበቃም። የአካባቢው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በብዛት ያሉት ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ ስለሆነ፣ ወዳጆቹን ፈልጎ መንዳቱ አይቀርለትም፤ ሲደርስም ከመካከላቸው አንዱ ቀድሞ ሒሳቡን ከፍሎ፣ ሌላው ደግሞ ለስላሳውን ይዞ ተራው የሹፌርነት መሆኑን ሲያማርር ያገኘዋል።